ባለቤቱን ጥራልኝ

የራሴን ሱቅ የከፈትኩ ቀን ጠዋት... ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ። ጊዜው ሚኒባስ ሁሉ ሰማያዊና ነጭ የነበረበት ነው።

ከዚያ በፊት ለዓመታት እዛው ተራ ጋሼ ሽኩር ጋ ተቀጥሬ ሻጭ ነበርኩ። ጋሼ ሽኩር ጥግ ላይ ዱካ ላይ ይቀመጣሉ፣ አንድ ቃል አይናገሩም። ደንበኛ ዋጋ ሲያወርድብኝ ዞር ብዬ አያቸዋለሁ። ቆባቸውን ካወለቁ «ሽጥ» ማለታቸው ነው። ካላወለቁ ደግሞ «ባለቤቱ አይፈቅዱም» ብዬ እገላገላለሁ። እኔም ከሰው ሳልጣላ፣ እሳቸውም ሳይከስሩ ኖርን።

የመጀመሪያ ደንበኛዬ ታክሲ የሚያሰሩ ጠና ያሉ ሴትዮ ናቸው። ፍሬን ሸራ ፈልገው መጡ። የጠዋት ገዢ ባዶ እጁን ከተመለሰ ቀኑ ይበላሻል ይባላል... የመክፈቻ ቀን ሲሆንማ አስቡት።

ዋጋ ነገርኳቸው፣ ቁልቁል አወረዱት። እኔ ሆዬ ዞር ብዬ ጥጉን አየሁ። ሱቁን ሳደራጅ ሳላስበው እዛም ዱካ አስቀምጫለሁ። ዱካው ላይ የዘይት ጀሪካን ተቀምጧል።

«ማንን ነው የምታየው?» አሉኝ።

«ባለቤቱ... አይፈቅዱም» አልኳቸው፣ አፌ ለምዶበት።

«እንግዲያው ባለቤቱን ጥራልኝ። ከተቀጣሪ ጋር ስከራከር አልውልም።»

«እኔ ነኝ ባለቤቱ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ያችኑ የቅጥር ዘመን ጋዋን ለብሻለሁ። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ንግድ ፈቃድ ጠቆምኳቸው። ፎቶዬ አለበት፣ ኮትና ከረባት ተውሼ የተነሳሁት። ጠጋ ብለው አዩት።

«ይሄማ ጨዋ ሰው ነው» ብለው ቦርሳቸውን አነሱ።

ልክ በሩ ላይ ሲደርሱ ጋሼ ሽኩር ሊመርቁኝ ከተፍ አሉ። ጀሪካኑን አነሱና ዱካው ላይ ቁጭ።

ሴትዮዋ ተመለሱ። «ይኸው ባለቤቱ መጡ። ጋሼ፣ ይሄ ልጅዎ ድርቅ አለብኝ እኮ።»

እኔ ቆባቸውን አያለሁ። እጃቸው ወደ ቆቡ ሄደ... ሄደና መሃል ላይ ቆመ። ከዚያ ተነሱ፣ ዱካውን ወደ በሩ አዞሩት፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መንገደኛ ማየት ጀመሩ።

ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ቀን ብቻዬን የቀረሁ መስሎኝ አያውቅም። ሴትዮዋ ደግሞ ቦርሳቸውን እንዳንጠለጠሉ ናቸው።

«ይውሰዱት እትዬ፣ ባሉት ዋጋ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«ገበያው ይቅናህ» ብለው መርቀውኝ ወጡ።

ጋሼ ሽኩር ዞሩ። «አረከስከው። እኔ ብሆን ቆቤ ንቅንቅ አይልም ነበር።»

«ምን ላድርግ ጋሼ... ባለቤቱ ፈቀደ።»

ያኔ ቆባቸውን አውልቀው ሳቁ።