ክር የሚባለው ተጫዋች

መጋረጃ ሰፊዋ በሃምሳ አራት ዓመቷ ሰው መግደል የጀመረችው በምሳ ሰዓት ነው። በስልክ ጨዋታ ላይ ነው እንጂ በእውኑማ ጉንዳን ብትረግጥ «ውይ፣ አላየሁህም» ብላ ይቅርታ የምትጠይቅ ሴት ናት። መግደሉም ቢሆን ለወሬ ያህል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሠላሳ አንድ ጊዜ ሞታለች፤ በእሷ እጅ የሞተ ግን አንድም አልነበረም።

የምትጫወተው ከሱቋ ጀርባ፣ ተሰፍተው ባለቤቶቻቸውን ከሚጠብቁ መጋረጃዎች ሥር፣ በጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀምጣ ነው። አስተማሪዋ የጎረቤቱ ሞባይል ጠጋኝ ነበር፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ሳይስቅ የሚያስቅ ሰው።

«እትዬ፣ ምን እያዩ ነው?»

«ሰማዩን። እንዴት ያምራል!»

«ሰማዩ አይተኩስብዎትም። ፊት ለፊት ይዩ! መጡ፣ መጡ፣ ይተኩሱ እንጂ!»

«እየተኮስኩ ነው!»

ጠጋኙ ጎንበስ ብሎ ቢያይ አውራ ጣቷ አልተነቃነቀም፤ ቀኝ እግሯ ግን ሲሚንቶውን እየደቃው ነው። ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና ፔዳል የረገጠ እግር፣ የሆነ ነገር ቶሎ ይሁን ሲባል ቀድሞ የሚታዘዘው እሱ ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ» አለ ጠጋኙ ራሱን እየነቀነቀ። «እርስዎ ግን በእግርዎ ጀመሩ፤ እጅዎት ነው ገና እንቁላል።»

ሳቀች። ለጨዋታ ብላ ግን አልነበረም የምትጫወተው።

ልጇ ቆርቆሮ መቺ ነበር። የዛሬ ዓመት ገደማ ከሦስተኛ ፎቅ ጣሪያ ወደቀ። ዳሌውና ጭኑ ተሰብሮ ሁለት ብረት ገባለት። ሆስፒታል በተኛ በሁለተኛው ቀን፣ ሰባት ሰዓት ሙሉ ሲጮኽ ውሎ ዝም ሲል፣ የተኛ መሰላት። ልትጠይቅ ለመጣች ጎረቤቷ አልጋው ሥር ቆማ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «ምነው አንድዬ በገላገለው!» አለች። ከሕመሙ ማለቷ ነበር። የታመመ ያስታመመ ሁሉ የሚለው ቃል ነው፤ ጎረቤቷም «አዎ፣ ምነው!» ብላ ተቀበለቻት። ልጁ ግን አልተኛም ነበር። ዓይኑን ገልጦ የክፍሉን ኮርኒስ ሲያይ አየችው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ያን ቀን የወጣው ቃል አፋፉ ላይ ቆሞ እስከ ዛሬ ቁልቁል ያያታል። ልጁ ከዚያች ሰዓት ወዲህ ከእናቱ ጋር አንዲት ቃል አልተለዋወጠም። አይቆጣም፣ አይሳደብም። ከሆስፒታል ሲመለስ ግድግዳ ተደግፎ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ በቃ። ሳህኑን በር ላይ ታስቀምጣለች፣ ሁለቴ ታንኳኳለች፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ግማሹ ተበልቶ ታገኘዋለች። ሦስት ጊዜ በበሩ በኩል ልታስረዳው ሞክራለች። ሦስቱንም ጊዜ ከውስጥ የጨዋታው ተኩስ ድምፅ ከፍ አለ። እንዲያራምዱት የታዘዙለት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም ሁለቴ መጥተው ከበሩ ተመልሰዋል።

የሚያወራው በጨዋታው ውስጥ ብቻ ነው። እዚያ ይስቃል፣ ያዛል፣ ይሳደባል። ጣሪያ ነው የሚባለው፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው፣ ከወደቀ በኋላ። እናቱ ወንበር ስባ፣ የሚዘመዘም ጨርቅ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሩ አጠገብ ትቀመጥና የልጇን ድምፅ በበር ስንጥቅ ትቃርማለች።

እንደዚያ ተቀምጣ ሳለ ነው አንድ ቀን የሰማችው።

«ይሄ ሲዝን ሲያልቅ እኔም አበቃሁ» ይላል ልጇ። «ስልኩን የፈለገ ይወስደዋል።»

የቡድን ጓደኛው የጠየቀውን አልሰማችም። የልጇን መልስ ግን ሰማች።

«የትም።»

መርፌው ጣቷን ወጋት፤ ደሙ ጨርቁ ላይ እስኪታይ አላወቀችም። ሲዝን ማለት የጨዋታው ወቅት እንደሆነ ያወቀችው በማግስቱ ጠጋኙን ስትጠይቀው ነው። የቀረው ሠላሳ ቀን ነበር።

«እኔም ደንግጬ ጠይቄዋለሁ» አለ ጠጋኙ፤ እሱም በልጇ ቡድን ውስጥ ይጫወት ነበር። ያን ጊዜ አልቀለደም። «ከጨዋታ ውጪ ያለ ነገር ሲነሳበት ይዘጋል። ውጊያ ላይ ነው ሰው የሚሰማው።»

«እና እዚያው ልግባና ላናግረው።»

«እትዬ፣ ከወርቅ ደረጃ በታች አጠገቡ አያስጠጋም። እኔንም በስንት ልመና ነው።»

«ወርቅ ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጃል?»

ጠጋኙ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ፊቷን አየና ዘጋው። ያገለገለ ስልክ ከመሳቢያው አውጥቶ፣ «ስምዎትን ማን እንበል?» አላት። ጣቷ ላይ የተጠመጠመውን አየች። «ክር» አለች።

የመጀመሪያው ትምህርት ጣቷን ማዘግየት ነበር። ስክሪኑን በነካች ቁጥር ዓለም ዞሮባት መሬቱና ሰማዩ ይቀያየሩ ነበርና ጠጋኙ ፍጥነቱን ቀነሰላት። ጠመንጃም አያማርጡ ተባለች፤ አንዱን ይያዙ፣ እሱኑ ይልመዱ። ከውጊያ በፊት ሩብ ሰዓት ባዶ ሜዳ ላይ ግንብ ትተኩስ ነበር። ግንቡም አንዳንዴ ያመልጣታል።

የቀረውን ሙያዋ አስተማራት። መጋረጃ ሲሰፋ ዓይን መርፌው ላይ አይተከልም፤ መርፌው የሚያርፍበት ቀድሞ ይታያል። እሷም የኢላማዋን ነጥብ ሰው ተከትላ ማሯሯጥ ትታ፣ ሰው ብቅ የሚልበት ጥግ ላይ፣ በራስ ቁመት ልክ አስቀምጣ መጠበቅ ጀመረች። ብቅ ሲል መጫን ብቻ ነው። ጆሮዋም አለ። የስፌት መኪና ሊበላሽ ሲል ከሌላ ክፍል ሆና የምትለይ ሴት፣ በኢርፎን የሰውን ኮቴ ቆርቆሮ ላይ ነው፣ እንጨት ላይ ነው፣ ሣር ላይ ነው ብላ ለመለየት አራት ቀን በቃት። ጠጋኙ፣ «እኔ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ለማንም እንዳይነግሩ» አላት።

አንድ አመል ግን አልለቅ አላት። በጨዋታው የተመታ ወዲያው አይሞትም፤ ወድቆ ይንፏቀቃል፣ ባልደረባው ደርሶ ካነሳው ይተርፋል። ታዲያ እሷ ሰው ሲወድቅ ካየች ጠመንጃም ከለላም ትረሳለች። በሜዳው መሃል ትሮጣለች፣ የመጀመሪያውን የጣለው ሰው እሷንም ይደግማታል።

«መጀመሪያ ማን እንደጣለው ይዩ! ከዚያ ያንሱ!»

«የወደቀ ሰው እያየሁ?»

«አዎ፣ እያዩ! እርስዎም ከወደቁ ማን ያነሳችኋል?»

«እሺ» ትላለች። ሌላው ሲወድቅ ደግሞ ትሮጣለች።

ሃያ ቀን ቀረ፣ ብር ደረጃ ገባች። በማግስቱ ተመልሳ ወደ ነሐስ ወረደች። አሥራ አምስት ቀን ቀረ፤ እዚያው ናት። የአንድ ክሊኒክ መጋረጃ ውስጡን ወደ ውጪ ገልብጣ ሰፍታ በሙሉ ፈታችው። ጉልበቷን አቅፋ ጨርቁ ላይ ተቀምጣ፣ «ውሃ ወቀጣ ነው» አለች፤ «ልጄ እየሄደብኝ እኔ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ድብብቆሽ እጫወታለሁ።» ቤት ስትመለስ በበሩ ሥር ጆሮዋን ትጥላለች፤ ሲስልም ሲያዛጋም በልቧ «እሰይ» ትላለች፤ አለ ማለት ነዋ።

አሥር ቀን ሲቀር ወርቅ ገባች። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። የመጨረሻውን ውጊያ አንድ የፈረሰ ቤት ገንዳ ውስጥ ተኝታ፣ ሌሎቹ እርስ በርስ ሲጨራረሱ ጠብቃ ነው ያለፈችው። ጠጋኙ ጎበዝ ልጅ አገኘሁ ብሎ ለጣሪያ አስተዋወቃት። ወዲያው ያ በበር ስንጥቅ ስትቃርመው የኖረችው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ገባ።

«ክር፣ ማይክ የለህም እንዴ?»

«ተበላሽቷል» ብላ ጻፈች። ጥሩነቱ፣ «መጣሁ»፣ «አየሁ» የሚል ሰው ወንድ ይሁን ሴት አይለይም።

«ይሁን፣ ጆሮ ካለህ ይበቃል። ከእኔ አትራቅ።»

ከእኔ አትራቅ! መጋረጃ ስባ ፊቷን ሸፈነች።

እንግዲህ አራት ቀን ልጇ «አንተ» እያለ አዘዛት፣ ሰደባት፣ አንዴም አመሰገናት። ዶማ የሚባል ወሬኛ የቡድን ጓደኛ ነበራቸው፤ «ይሄ ክር እኮ ሲታኮስ እንደ ሽማግሌ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው» ሲል ልጇ ከት ብሎ ሳቀ። በየቀኑ ዛሬ ማይኩን እከፍታለሁ ትላለች። ድምፄን ሲሰማ ቢወጣስ? ይህችን የቀረች በርም ቢዘጋትስ? አንዴ ደፍራ «ከሲዝኑ በኋላ ምን ታስባለህ?» ብላ ጻፈች።

«አንተ ምን አገባህ? ጨዋታህን ተጫወት።» ከዚያ በኋላ ያን ቀን አልሳቀም።

ስድስት ቀን ሲቀር እሁድ ሆነ። ሱቁ ያለበት ሕንፃ ዝግ ስለነበር ከቀትር በኋላ ወጥ ቤት ገብታ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ኢርፎኗን ሰክታ ጨዋታው ውስጥ ገባች። በእሷና በልጇ መካከል አንድ ሳሎንና አንድ በር ነበር። ስልኩን ስታስተካክል አውራ ጣቷ ጥጉ ላይ ያለችውን የማይክ ምልክት ነክቷት ነበር፤ አላየችውም።

አራት ቡድን ቀርቷል። ጣሪያ አንድ ሰገነት ላይ ወጥቶ ሲያነጣጥር ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ተመታ። ከሰገነቱ ቁልቁል ሲወድቅ አየችው።

«እኔን ይድፋኝ!»

ጮኻ ነበር። በልጅነቱ እንቅፋት በመታው ቁጥር፣ ብስክሌት ሲጥለው፣ ደረጃ ሲያዳልጠው ስትለው የኖረችው ቃል ናት። አሁን በኢርፎኑም በበሩም፣ በሁለት በኩል ደረሰው።

እግሯ ወለሉን እየረገጠ ነው። ክርም በሜዳው መሃል እየሮጠ ነው። ሦስት እርምጃ ሲቀረው እሱም ተመትቶ ተደፋ። እናትና ልጅ ሣሩ ላይ ፊት ለፊት ይንፏቀቃሉ።

«ማን ናት?» አለ ዶማ። «ክር ሴት ነው እንዴ? ጉድ ፈላ!»

«ዝም በል» አለ ጣሪያ። ከዚያ በቀጭኑ፣ «ማን እንደጣለኝ ሳታይ… ሳታዪ ለምን ሮጥሽ?» አላት።

ወንዱ በአንዲት ፊደል ሴት ሲሆን ሰማችው። አሥራ አንድ ወር የጠበቀችው ያቺን ፊደል ነበር።

«ስትወድቅ አየሁ» አለች።

«ያን ቀንም አይተሽኛል። ምነው በገላገለው ነበር ያልሽው።»

«ከሕመሙ ነው ልጄ። ሕመሙ ይተውህ ማለቴ ነው። ሰባት ሰዓት ጮኸህ እኮ ነው… አፌን በቆረጠው። አንተ ከምትሄድ እኔ—» መጨረስ አቃታት።

የጣላቸው ሰው ደርሶ ሁለቱንም ጨረሳቸው። ስክሪኑ ግራጫ ሆነ። ኢርፎኗን ነቅላ፣ ሳሎኑን አቋርጣ፣ በሩ ላይ ቆመች። ሁለቴ አንኳኳች።

«ክፈትልኝ።»

«ተቆልፎ አያውቅም» አለ ከውስጥ።

እጀታውን ስትጫነው እሺ አለ። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ሞክራው አታውቅም ነበር፤ መብት ያላት አልመሰላትም።

ክፍሉ የታፈነ አየርና የቅባት መድኃኒት ይሸታል። እሷ የሰፋችው መጋረጃ ብርሃን እንዳያስገባ በልብስ መቆንጠጫ ተያይዟል። ክራንቹ የእጀታው ላስቲክ እንኳ ሳይቀደድ ግድግዳ ተደግፏል። ልጇ ጢሙ አድጓል፣ ትከሻው ሟሟል። ቀና ብሎ አላያትም። አልጋው ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ስድስት ቀን ቀርቷል» አለች።

«ስድስት።»

«ከዚያስ?»

ስልኩን በአውራ ጣቱ ያሻሻል።

«እንጃ፣ እማዬ» አለ በመጨረሻ። «እንጃ።»

ልታቅፈው፣ ሾርባ ልታሞቅለት፣ ባለሙያውን ልትጠራ፣ መጋረጃውን ልትከፍት፣ ሁሉንም ባንዴ ልታደርግ እግሯ ተነሳ። እንደገና አስቀመጠችው። ዓመት ሊሞላ ነው ልታነሳው ስትሮጥ፤ አንድም ቀን አልጠየቀችውም።

«ማን ነው የጣለህ?» አለችው። «ከጣሪያው ሌላ። ንገረኝ፣ የትም አልሄድም። ነገም፣ በሰባተኛውም ቀን እዚህ ነኝ።»

ከስልኩ ውስጥ ዶማ ይጮኻል፤ «ጣሪያ! ክር! የት ገባችሁ? አንዱ ይመልስልኝ እንጂ!»

ልጁ ስልኩን እያየ ቆየ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ ታች አድርጎ አልጋው ላይ ደፋውና እናቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።