ለፖሟ የተተከለው ድንኳን

ጋሽ ገዛኸኝ ሮም ውስጥ ዘመድ የለውም፤ ያለው ፖም ነው። ሥራው ቶር ፒኛታራ ሰፈር ውስጥ አንድ ሽማግሌ ማስታመም ነው። እሑድ እሑድ ግን በሰው አጥር እያጮለቀ፣ ጣሊያኖቹ ራሳቸው የረሷቸውን የድሮ ፖሞች ይፈልጋል። ሲያገኝ ቅርንጫፋቸውን ቆርጦ ሌላ ለጋ ግንድ ላይ ያጣብቃል፣ ዘራቸው እንዳይጠፋ። እዚህ ሮም ካለነው ሐበሾች እብድ ነው ያልነው ብዙ ነን።

ባለፈው ጥቅምት ሮማኒና ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ፣ ስሟን እንኳ የሚያውቅ የሌለ ፖም አገኘ። አምሳያዋን የትም አላየም። ባለቤቷ ሲኞራ ኢቫና ግን ግቢውን መኪና ማቆሚያ ልታደርገው ነው፤ ቆራጮች ሰኞ ይመጣሉ። ቅርንጫፍ ደግሞ የሚወሰደው ዛፏ ቅጠሏን አራግፋ ስትተኛ፣ በጥር ነው።

ጋሽ ገዛኸኝ እያለከለከ የእድራችን ስብሰባ ላይ ደረሰ።

«ድንኳኑን ስጡኝ።»

«ማን ሞተ?» አሉ ሰብሳቢያችን እትዬ ዘነበች።

«ፖሟ ልትሞት ነው።»

«አንተ ሰውዬ! እድር ለሰው ነው።»

«እትዬ ዘነበች፣ ስንት ዓመት ለእናንተ ዘመድ አልቅሻለሁ? እኔ የሚሞትብኝ የለኝም። አሎራ፣ እንግዲህ የእኔ ተራ ይሄ ይሁን።»

ደንባችንን አየነው፤ ሟች የግድ መሞት አለበት አይልም።

ሰኞ ጠዋት ድንኳኑ ዛፏን ከብቦ ተተከለ። ነጠላ ዘቅዝቀን ተቀመጥን። መጀመሪያ ያለቀስነው ለይሉኝታ ነበር። ኋላ ፀጋ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ፔርሜሶውን፣ አጥታ አገር ቤት ሄዳ እናቷን ያልቀበረችው፣ ስትጮህ ሁላችንም የየራሳችንን አነሳን። ቆራጮቹ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ አማትበው፣ መጋዛቸውን ይዘው ተመለሱ። ሲኞራ ኢቫና አበባ ይዛ መጣች።

«ሟቹ ዕድሜያቸው ስንት ነበር?»

«መቶ ይሆናታል» አለ ጋሽ ገዛኸኝ፣ ውሸት የማይሆንለት፣ ወደ ዛፏ እያሳየ። «ገና አልሞተችም። የሚገድሏት እርስዎ ነዎት። እስከ ጥር ቢታገሱኝ ቅርንጫፏን ወስጄ ዘሯን አተርፋለሁ።»

ሲኞራ ልትቆጣ ነበር። የሚያለቅሰውን ሕዝብ ግን አየች። አበባውን ዛፏ ሥር አስቀመጠች።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ። እስከ ጥር።»

በጥር ቅርንጫፎቹ ተወሰዱ፤ ዛሬ በየሰው በረንዳ አቆጥቁጠዋል። ዛፏ የተቆረጠች ዕለት ጋሽ ገዛኸኝ ድንኳኑን ደግሞ ለመነ። እትዬ ዘነበች እምቢ አሉ፤ ለአንድ ሟች ሁለት ድንኳን በደንባችን የለም። ብቻውን ጉቶው ላይ ተቀምጦ ሲያነባ ግን ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡና አጠገቡ ተቀመጡ።

«ልጆቿ እኮ አሉ» አላቸው እያፈረ።

«ታዲያ ልጅ ያላት እናት አይለቀስላትም?» አሉና ከሱ በላይ አለቀሱ።