በሚስቴ ስም የጮኸው ስልክ

እዚሁ ላሊበላ ቁጭ ብዬ የልብ ምት መዛባትን የሚለይ፣ ደረት ላይ የሚታሰር መሣሪያ ሠራሁ። ባትሪ እንዳይጨርስ ተኝቶ ይውላል፤ ልብ ትርታውን ሲስት ብቻ ይነቃና ስልኬ መሣሪያው በተመዘገበለት ሰው ስም ይጮኻል። ልሞክረው ብዬ አንዱን ለሚስቴ፣ አንዱን ለራሴ አሰርኩ።

ነአኩቶ ለአብ ወርደን ጸበል ተጠምቀን በተመለስን ማግስት ጉድ ፈላ። አስጎብኚው ጎረቤታችን፣ ያ ሚስቴን ሁሌ የሚያስቃት ፍንጭት፣ "ቤቶች!" ብሎ ብቅ ሲል ስልኬ በሚስቴ ስም ጮኸ። ሲሄድ ዝም አለ። በነጋታውም መጣ፤ ጮኸ። የኔ ስም ግን አንዴም አልተነሳ፤ ልቤ የመናኝ ልብ ሆኗል! እሷ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሽንኩርቷን ትከትፋለች። አንጀቴ አረረ።

በመጨረሻ አልቻልኩም። ስልኩን ፊቷ ደቅኜ፣ "እሱን ስታዪ ልብሽ ምን ያዘልለዋል?" አልኳት።

ቢላዋዋን አስቀምጣ የሸሚዜን ቁልፍ ፈታች።

"የኔው እንዳይጠፋኝ ጥቁር ክር አስሬበት ነበር" አለች። "ልንጠመቅ ስናወልቅ አንድ ላይ አልጠቀለልናቸውም?"

ጎንበስ ብዬ ሳይ ክሩ የኔ ደረት ላይ ነው።

"ቤቶች!" አለ ጎረቤታችን ከደጅ።

ስልኬ ጮኸ።