ግጥም የሌለው ዘፈን

በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን የኪነት ቡድን ውስጥ የድምፅ ሠራተኛ ሆኜ የገባሁ ቀን፣ አለቃዬ ጋሼ ታፈሰ መበየጃ አስጨበጡኝ።

«ሰዒድ፣ ድምፅ ሲበላሽ ኬብሉን በሁለቱም ጫፍ ፈትሽ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ኬብልም ሰውም አላምንም።

ሥራችን ስብሰባ ማድመቅ ነበር። ከአንኮበር ዮሐንስ የሚባል ኦርጋን ተጫዋች ሲመጣ ግን ነገር ተለወጠ። የመሪጌታ ልጅ ነው። በማርሹ መሀል ግጥም የሌለው ረጅም ዜማ ያስገባል። እኔም ኦርጋኑን የጊታሩ አምፕሊፋየር ላይ ሰክቼ እስኪያጓራ እከፍትለታለሁ። ዜማው በዝግታ ይነሳና እየፈጠነ ሄዶ አዳራሹን ያናውጣል። ከእነዋሪና ከመዘዞ ሳይቀር ሰው ይመጣ ጀመር፤ «የብርድ ልጆች» የሚል ስምም ወጣልን። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። ጭብጨባ ሲበዛ ጆሮ ጠቢም ይበዛል።

አልቀረም፣ የአውራጃው ካድሬ ጓድ ግርማ አስጠራን።

«ግጥሙን ሳናየው እንዴት ተጫወታችሁት?»

«ጓድ፣ ግጥም የለውም» አለ ዮሐንስ።

«ግጥም ከሌለው የደበቀው ነገር አለ። ነገ ኮሚቴው ፊት ትጫወታላችሁ። ነገር ካገኘሁበት መሣሪያው ይታሸጋል፤ አንተም ትታሰራለህ።»

ማን ነገረብን እያልኩ ከበሮ መቺውንም፣ ዘበኛውንም ጠረጠርኩ። ጋሼ ታፈሰንም አልማርኳቸው።

በማግስቱ ኮሚቴው ተደርድሮ ተቀመጠ። ዮሐንስ በዝግታ ጀመረ። ዜማው ሊፈጥን ሲል ካድሬው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«አቁሙ! ይሄ መረግድ ነው! አሁን ደግሞ ወደ ጽፋት ልትገቡ ነው!»

የዮሐንስ ፊት አመድ መሰለ። እኔ ሚክሰሩ ላይ እንደተደገፍኩ ጠየቅሁ፦

«ጓድ፣ እኔ የአልዩ አምባ እስላም ነኝ። መረግድ ምንድን ነው?»

«ቄሶች ማሕሌት ላይ በዝግታ የሚያሸበሽቡበት ነዋ! ጽፋት ደግሞ ሲፈጥን...»

አልጨረሰውም። ኮሚቴው በሙሉ ዞሮ እሱን ያይ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሰው በሚገመገምበት ዘመን፣ ይህን የሚያውቅ ማሕሌት የቆመ ብቻ ነው።

ካድሬው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«የሰፊው ሕዝብ ዜማ ነው። ቀጥሉ» አለ።

ቀጠልን። ዜማው ሲፈጥን ከወንበሩ ሥር የካድሬውን እግር አየሁት፤ ምቱን አንዴም አልሳተም።

ቡድኑ ከተበተነ ቆየ። ዛሬ የከተማው ልጆች ያንን ዜማ በየሠርጉ ይጫወቱታል፤ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ለድምፅ ሠራተኞች ግን የምለው ይኸው ነው፦ ኬብሉን በሁለቱም ጫፍ ፈትሹ፤ ጠርጣሪያችሁንም ጠርጥሩ።