የሻጉፍታ ኩባያ

ሻጉፍታ በሸለቆው ጤና ኬላ ስትሠራ ሰው ፊቷን አያይም፤ የሚያየው እጇን ነው። ከመደርደሪያው የመዳብ ኩባያዋን ካነሣች የታማሚው ዘመዶች ማልቀስ ይጀምራሉ። በዚያ አገር ሟች ጥሙን ይዞ አይሄድም፤ ከንፈሩ ላይ ውሃ ጠብ ይደረግለታል። ሆዱ የተጎዳ ሰው ግን ቀዶ ጥገና ይጠብቀዋልና ጠብታ አይቀምስም። ስለዚህ እሷ ዘንድ ውሃ የተከለከለ ሰው ተስፋ ያለው ሰው ነበር። ይህን ያስተማረቻቸው ራሷ ናት።

አፕሪኮት የሚባለው ፍሬ ሊደርቅ በየጣሪያው በተሰጣበት ሰሞን፣ ከገበያ የሚመለስ ጂፕ ከመንገድ ወጥቶ ገደል ገባ። ቁስለኞቹን በገመድ አልጋ ተሸክመው አመጧቸው። ክንዱ የተሰበረው ሾፌር ግቢውን በጩኸት አናወጠው። ሻጉፍታ አልፋው ሄደች።

«አንቺ! እኔ ሰው አይደለሁም? የአጎትሽ ልጅ እኮ ነኝ!»

«ሳንባህ ደህና ነው። ጩህ፣ እየሰማሁህ ነው» አለችው ዞር ሳትል።

የሄደችው ዝም ወዳለው ሰው ነበር፤ ወደ ባለወፍጮው ዳርዌሽ። ላዩ ላይ ጭረት እንኳ የለም። እጁ ግን በርዷል፤ የልብ ምቱ ይጋልባል፤ ሆዱ ሲነካ እንደ ጣውላ ደርቋል። ውስጥ ውስጡን እየደማ ነው። ግሉኮስ ሰካችለት፤ ብርድ ልብስ ደረበችለት፤ ከከተማ አምቡላንስ አስጠራች።

«ውሃ» አለ ዳርዌሽ።

«እህቴ፣ አንዲት ጉንጭ ብቻ!» አለች ሚስቱ መህታብ።

«አይሆንም፣ እትዬ። ሐኪሞቹ ሆዱን ይከፍቱታል፤ ባዶ መሆን አለበት።»

መህታብ ይህን ስትሰማ ትከሻዋ ረገብ አለ።

«ቤት ሻይ አምጪ ስላት ጉልበቴን ትላለች» አለ ዳርዌሽ በቀጭን ድምፅ። «ዛሬ ካላጠጣሁ ብላ ሰው ታስቸግራለች።»

«ዝም በል አንተ! ስትድን በባልዲ አጠጣሃለሁ።»

ስልክ ተደወለ። ጎርፍ ድልድዩን ወስዶታል፤ አምቡላንሱ ወንዙ ማዶ ቆሟል። ሻጉፍታ ተመልሳ የዳርዌሽን እጅ ያዘች። የልብ ምቱ ከእጁ አንጓ ላይ ጠፍቷል፤ አንገቱ ላይ እንደ ክር ቀጥኖ አገኘችው። ሌላ ግሉኮስ ቀየረች፤ ለውጥ የለም። ኩባያውን ካላነሣች መህታብ እስከ መጨረሻው ተስፋ ታደርጋለች፤ እሱ ግን ጥሙን ይዞ ይሄዳል።

አነሣችው። ሾፌሩ ጩኸቱን አቆመ።

መህታብ በሻጉፍታና በባሏ መካከል ቆመች። «መልሺው።»

«እትዬ...»

«መልሺው አልኩሽ! ባዶ መሆን አለበት ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ማንም ውሃ አያስነካውም!» ብላ እጇን መታቻት። ውሃው መሬት ላይ ፈሰሰ።

ሻጉፍታ አልተቆጣችም። ኩባያውን አንሥታ እንደገና ቀዳች። «ድልድዩ ተወስዷል» አለች። «ደሙን ማቆም አልቻልኩም፣ እትዬ።» ከዚያ ውሃውን ወደ ዳርዌሽ አልወሰደችውም፤ ለመህታብ ዘረጋችላት።

መህታብ እጇን አላነሣችም።

«መህታብ» አለ ዳርዌሽ፤ «ጠማኝ።»

ያን ጊዜ ተቀበለች። ራሱን በክንዷ ደግፋ ጠብ ጠብ አደረገችለት። የመጀመሪያውን ዋጠ። ቀጣዩ በከንፈሩ ጥግ ሲወርድ በሻሿ ጫፍ ጠረገችለት፤ ደግሞ ጠብ አደረገች።

ሻጉፍታ የሾፌሩን ክንድ በጣውላ አሰረች፤ ሲያመውም ድምፁን አላሰማም። አመሻሽ ላይ ጎረቤቶች የዳርዌሽን አስከሬን በዚያው የገመድ አልጋ ወደ ወፍጮው ሲወስዱት፣ ከኋላ የምትከተለው መህታብ ኩባያውን በእጇ ይዛ ነበር። ሻጉፍታ ከበሩ ላይ አየቻት፤ አልጠራቻትም።