ሦስት ቀን የለመኑኝ ድሬሰር

ድሬሰር አቶ ሽብሩ ወልደ ሚካኤል ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በደብረ ብርሃን ዐርፈዋል። አስከሬናቸው በማግስቱ አንኮበር መጥቶ እኔ በማገለግልበት ደብር ተቀብሯል፤ ጸሎተ ፍትሐቱንም ያደረስኩት እኔ ነኝ። ከእነዋሪ፣ ከሰላ ድንጋይና ከመዘዞ «እንዴት ሆነው ዐረፉ?» እያላችሁ ለላካችሁብኝ ሁሉ ይህን ጻፍኩ። ቁጣ የሚቀናኝ ቄስ መሆኔን የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ከአቶ ሽብሩ ጋር የተወዳጀነውም በጠብ ነው።

እሳቸው ወደ አንኮበር የመጡት ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ብቻ በነበረበት ጊዜ ነው። በአንዱ ቁስል ይታጠባል፣ መርፌ ይወጋል፤ በሌላው ሁለት የብረት አልጋ ነበረ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ነጭ ካፖርታቸውን ራሳቸው ያጥባሉ፤ ከአልዩ አምባ ወባ ይዞት ዳገቱን የወጣ በሽተኛ አልጋ ሲያጣ እቤታቸው ያስተኙታል። አንድ የሚያስቅ ልማድ ነበራቸው። ሕፃን ባዩ ቁጥር፣ በገበያም ይሁን በሠርግ ቤት፣ እግሩን ይዘው በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉትና ጣታቸውን አንሥተው ትንሽ ይጠብቃሉ። የተጫኑት ቦታ ወዲያው ከሞላ ልጁን ስመው ይለቁታል፤ ጎድጉዶ ከቀረ ግን እናቱን ለብቻዋ ወስደው ያነጋግሯታል። ሰዉ ምክንያቱ ስላልገባው ይሥቅባቸው ነበር። እኔም ሥቄባቸዋለሁ።

ልጄ እጅጋየሁ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። ባለቤቴ ወይዘሮ አስካለ እንደገና ስላረገዘች፣ የእርጉዝ ጡት ሕፃን ይጎዳል ይባላልና ጡት አስጣልናት። ከዚያ ወዲህ ምግቧ የገብስ አጥሚት ሆነ። ሽሮ ሆዷን ይነፋታል ብለን አንሰጣትም፤ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ወተቱ ቀረ። በጾሙ እኩሌታ ላይ ጉንጯ ሞላ፣ እጅና እግሯም ድቡልቡል አለ። ጡት መተዉ ተስማማት ብለን ደስ አለን። እንዲያውም አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ታቅፌያት ወጣሁና በጾም የምትወፍር ልጅ ወለድኩ ብዬ በምእመናኑ ፊት ቀለድኩ።

አቶ ሽብሩ መስቀል ሊሳለሙ ቀረቡ። ተሳልመው ሲያበቁ የልጄን እግር ያዙና ተጫኑት። ጣታቸውን ሲያነሡ ቦታው ጎድጉዶ ቀረ፤ ብንጠብቅም አልሞላም። ወደ ጎን ወስደው ልጅቱ አልወፈረችም፣ አብጣለች አሉኝ። በምን ምክንያት ብዬ ብጠይቃቸው እንዲህ አሉ፦

«መምሬ፣ ሰውነት ዘወትር ራሱን ያፈርሳል፣ ዘወትርም ራሱን ይሠራል። ማፍረሱ በሽታ አይደለም፤ አሮጌው ካልፈረሰ አዲሱ አይተካም። በሽታው፣ የመሥሪያው ነገር ሲታጣ ማፍረሱ አለመቆሙ ነው። ይቺ ልጅ አሁን የምትበላው የገዛ ሥጋዋን ነው።»

መሥሪያውን ፕሮቲን አሉት። በወተትና በእንቁላል፣ በሥጋ፣ በአተርና በባቄላም ውስጥ እንዳለ፣ የገብስ አጥሚት ብቻውን ግን ለሚያድግ ልጅ እንደማይበቃ ነገሩኝ። የሰውነቷ ፕሮቲን ሲያልቅ ውኃው ከደም ሥሯ እየወጣ በሥጋዋ ውስጥ ይጠራቀማል፤ እናንተ ውፍረት ያላችሁት ያንን ነው አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወተት እንድትጠጣ አዘዙ።

እኔ እንቢ አልኩ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ። ሕፃን ጾም እንደሌለበት ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ለሌላው ሳስተምረው ኖሬያለሁ። ያስጨነቀን ዕቃው ነበር። በሁዳዴ ወተት እቤት ከገባ ማሰሮው፣ ኩባያው፣ የምትቀዳው እጅ ሳይቀር ጾማችንን ያስገድፈናል ብለን ስለምንፈራ፣ በአገራችን የጿሚ ቤት ሕፃን ከትልቁ ጋር አብሮ ይጾማል። ከዚያ የባሰው ግን ይሉኝታዬ ነው። የቄሱ ቤት በሁዳዴ ወተት ሸተተ ከሚባል ምንም ቢመጣ ይሻለኛል ብዬ አሰብኩ። ፋሲካ አንድ ወር አይሞላውም፣ ያኔ እስክትጠግብ ትጠጣለች አልኳቸው።

«ፋሲካ ይደርሳል መምሬ» አሉኝ፤ «እሷ ግን አትደርስም።»

ተቆጥቼ ጥያቸው ሄድኩ። አምስት ቀን ቆየን። በአምስቱ ቀን ውስጥ የልጄ የጭኗ ቆዳ እየተላጠ መነሣት ጀመረ፤ ጸጉሯ ቀላ፣ በእጅ ሲነካም ይመጣ ጀመር። ከሁሉ የከፋው ማልቀስ መተዋ ነው። ያስቀመጧት ቦታ ትቀመጣለች፤ ዝንብ ዐይኗ ላይ ሲያርፍ እንኳ እጇን አታነሣም። በአምስተኛው ቀን ከደብሩ ስመለስ ቤቴ ባዶ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን፣ አስካለ ልጇን አዝላ ወደ ክሊኒኩ ወረደች አለችኝ። እኔን ሳትጠይቅ ወጥታ አታውቅም ነበርና ደሜ ፈላ፤ እየሮጥኩ ማለት ይቻላል ተከተልኳት።

ስደርስ አቶ ሽብሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ልጄን በማንኪያ ወተት ያጠጧታል። ከአጠገባቸው አዲስ ማሰሮና አንድ የጣሳ ኩባያ አለ፤ በኩባያው ላይ ስሟን በቀለም ጽፈውበታል። አፌን ከመክፈቴ በፊት ቀደሙኝ። «ዕቃው የሷ ብቻ ነው። እርስዎ ቤት አይገባም፣ እኔም ቤት አይገባም» አሉ። ያን ሰዓት ዘጠኝ አልሞላም ነበርና እሳቸው ራሳቸው ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ሰበብ አጣሁና ቁጭ አልኩ።

ወተቱን አፍልተው፣ በውኃ አቅጥነው፣ ትንሽ ስኳር ጨምረው፣ በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ማንኪያ ይሰጧት ነበር። አስካለ አንጀቷ አልችል ብሎ ጨምሩላት እያለች ትለምናለች። እሳቸው ግን አንድ ማንኪያ አይጨምሩም። ለሥራው አዲስ በነበሩ ጊዜ መዘዞ ላይ እንዲህ ያለ ሕፃን ገጥሟቸው፣ አዝነው እናቱ ሙሉ ኩባያ እንድታጠጣው ፈቀዱ። የከሳ ልብ ድንገተኛ ጥጋብ አይችልምና ሕፃኑ ጀንበር ሳትጠልቅ ሞተ። ይህን ሲነግሩን ወተቱን ማማሰል አላቋረጡም፤ ድምፃቸው ግን ወርዶ ነበር።

እኔ ለአገልግሎት ወደ ደብሩ ተመለስኩና ስድስት ቀን ሳልሄድ ቀረሁ። ዓርብ ጧት ከአስካለ መልእክት መጣ፤ ልጅቷ ዐጥንቷ ወጥቷል፣ ወተቱ አመነመናት፣ ቶሎ ድረስልኝ የሚል ነበር። ሄድኩ። ድቡልቡል ብሎ የነበረው እግር እንጨት ሆኗል፤ የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ፊቷ የአሮጊት ፊት መስሏል። አቶ ሽብሩ ላይ ጮኽኩባቸው። ልጄን ገደልካት አልኳቸው። አስካለም እያለቀሰች በነጠላዋ ጠቅልላ አቀበለችኝ፤ ታቅፌያት ወደ በሩ ሄድኩ።

ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት ሰው በሩ ላይ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«መምሬ፣ ያ ያዩት ውፍረት ውኃ ነበረ፤ ውኃው ሄደ። አሁን የታቀፏት ልጅዎን ነው። እስከ ዛሬ የፈረሰውን ነው የሚያዩት፤ የሚሠራው ገና ለዐይን አይታይም።»

ብትሞትብኝስ አልኳቸው። እንደማትሞት ቢምሉልኝ ኖሮ ገፍትሬያቸው አልፍ ነበር፤ አልማሉም።

«ሦስት ቀን ይስጡኝ» አሉ። «እስከ ሰኞ ድረስ ካልተቆጣች ይውሰዷት። እኔም ካፖርቴን አውልቄ ወዳገሬ እገባለሁ።»

መቆጣት የሚሉት ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሰውነቱ ራሱን እየበላ ያለ ልጅ ለቁጣ አቅም የለውም፣ መሠራት ሲጀምር ግን የመጀመሪያው ምልክት እንቢ ማለቱ ነው አሉኝ። እኔ ከበሩ አልተመለስኩም። የተመለሰችው አስካለ ናት። ልጇን ከእጄ ተቀብላ አልጋው ላይ አስተኛቻትና «እርስዎ ይሂዱ፣ ይቀድሱ። እኔ እስከ ሰኞ ከዚህ አልነቃነቅም» አለችኝ። አሥር ዓመት በትዳር ስንኖር ያዘዘችኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ለውጥ የለም። እሑድ ጭራሽ አስቀመጣት። አቶ ሽብሩ ወተቱን ይበልጥ አቀጠኑና ቀጠሉ። ሰኞ ከማለዳ ጀምሮ ጥጉ ላይ ተቀምጬ በልቤ ዳዊት እደግማለሁ፤ ቃሉ ግን እየተምታታብኝ ደጋግሜ ከመጀመሪያው እነሣለሁ። ረፋድ ላይ አቶ ሽብሩ አንድ ማንኪያ ሰጧት፣ ሁለተኛውን ሰጧት። ሦስተኛውን ሊጨልፉ ማንኪያውን ከአፏ ሲያርቁ ያ የእንጨት እጅ ድንገት ተነሥቶ ኩባያውን ያዘ። አልለቅም አለች። ሊያስለቅቋት ሲሞክሩ ፊቷ ተኮማተረና እሪታዋን አቀለጠችው።

አቶ ሽብሩ ማንኪያውን አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አስካለ በዚህስ ይጨመርላት ብላ ብትለምናቸው ዐይናቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ዞሩና «አንድ ማንኪያ ብቻ» አሏት።

ልጄ በፋሲካ ማግስት በራሷ ቆማለች። አቶ ሽብሩም ከዚያ ወዲያ እናቶችን ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ እየሰበሰቡ አተርና ባቄላ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ተፈጭቶ ከገብሱ ዱቄት ጋር እንዲቀላቀል ያሳዩ ነበር፤ ይህ የጾም ነውና ማንንም አያስፈራም። ወተት ላለው ደግሞ በሁዳዴ ለሕፃን የተለየ ዕቃ እንዲደረግ በዐውደ ምሕረት ቆሜ ያወጅኩት እኔ ነኝ። አንዳንዱ ቄሱ ላላ ብሎ አማኝ። እሳቸው ሐሜቱን ሰምተው፣ ከእኔ ይልቅ የሚጎዱት እርስዎ ስለሆኑ ቢተዉትም አልቀየምም አሉኝ፤ እኔ ግን አልተውኩትም።

ደብረ ብርሃን ከተዛወሩ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ እጠይቃቸው ነበር። ዘንድሮ ስሄድ በማይድን ሕመም ተይዘው አገኘኋቸው። ቢበሉም አይጠቅማቸውም፤ ሥጋቸው ከቀን ወደ ቀን ያልቃል። እኔ ማልቀስ ስጀምር እሳቸው እንደ ወትሮው በቀስታ «መምሬ፣ የኔ ደግሞ አፍራሹ በረታ፣ ሠሪው ደከመ። ዕድሜ ነው፣ አይቆጡት» አሉኝ።

አቶ ሽብሩ፣ በሕይወት ሳሉ ያልነገርኩዎትን አሁን ልንገርዎት። ያን ዓርብ የአስካለ መልእክት ሲደርሰኝ፣ ወደ እርስዎ ከመምጣቴ በፊት፣ በደብሩ የሕፃናት መቃብር ወገን ትንሽ ጉድጓድ እንዲቆፈር አዝዤ ነበር። ልጄን ከእጅዎ ልቀማዎት የመጣሁት ላድናት አልነበረም። የቄስ ልጅ በሁዳዴ ወተት ስትጠጣ ሞተች እንዳይባል፣ እቤቴ ወስጄ እንድትሞት ነበር። እርስዎ በሩ ላይ ቆመው የለመኑት፣ የቀብር ሰዓቷን በልቡ የቆረጠ አባት ነው። በፋሲካ ማግስት፣ እሷ በቆመችበት ቀን፣ ብቻዬን ሄጄ ጉድጓዱን በእጄ ደፈንኩት። ለነፍስ አባቴ ተናግሬዋለሁ፤ ለእርስዎ ግን ስንት ጊዜ ደብረ ብርሃን ተመላልሼ አፌ እንቢ አለኝ። አስካለም አታውቅም። እጅጋየሁ ዛሬ ማንበብ ትችላለችና ይህን ጽሑፍ ለእናቷ የምታነብላት እሷ ትሆናለች። የሰውን ኃጢአት እየሰማሁ እግዚአብሔር ይፍታ ስል ኖሬያለሁ፤ ረቡዕ ዕለትም እርስዎን በመቃብርዎ አፋፍ ቆሜ ፈታሁዎት። ደህና ይሁኑ፣ አቶ ሽብሩ። አሁን ደግሞ ተራው የእርስዎ ነው፤ እባክዎ ይፍቱኝ።