መዝጊያዬ ከምሽጉ ላይ

ከገሳይ ከተማ በላይ አንዲት ገላጣ ኮረብታ አለች። ከመንገዱ ሁናችሁ ቀና ብትሉ ትታያለች። እኔ ከሚሊሻ ጓዶቼ ጋር እዚያ ላይ ከረምሁ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አያልፍም፤ እንደምናገረው ነው የምጽፈው።

አስራ አንድ ነበርን። ሴት እኔ ብቻ። ጥይት እሸከማለሁ፣ ቁስለኛ አነሳለሁ፣ ሲብስም እተኩሳለሁ። ምሽጉን ስንቆፍር ለጣራው እንጨት ጠፋ። የመንደሩ ሰው የቤቱን መዝጊያ እየነቀለ አመጣልን። እኔም የራሴን አመጣሁ። በላዩ አፈር ከመርንበት። ሞርታር ሲወድቅ አፈሩ ይረግፍብናል፤ እኛ ግን እንተርፋለን።

ከእኔ መዝጊያ ስር የሚተኛው ሰይድ ነበር፤ ደብረ ታቦር ገበያ ልብስ ሰፊ የነበረ። ዝናብ ካደረ ጧት ይቀልድብኛል።

«እታለም፣ መዝጊያሽን ሲያንኳኳ አደረ። ማነህ ብለው ዝም አለኝ።»

«ከፍተህ አታስገባውም?»

«የሰው ቤት ነው፣ ባለቤቷ ትቆጣለች ብዬ።»

ጦርነቱ አለቀ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሬዲዮው በየቀኑ ስለኛ ያወራ ጀመር። ጋዜጠኛው «ጦሩ መቼ ነው የሚወጣው?» ይላል፤ እንግዳው «ከፋሲካ አያልፍም» ይላል። እኛን የጠየቀን የለም። ትዕዛዝም አልመጣም። ከማዶ ያለውም ጦር አልተነቃነቀም፤ ሲመሽ እሳቱ ይታየናል።

ሰው ግን ሬዲዮውን አመነ። የመንደሩ ሽማግሌ አባ ተገኝ መጡ።

«ልጆቼ፣ ልትወጡ ነው አሉ። ጅብ ጥጃዬን በላብኝ። መዝጊያዬን ብወስድ?»

አለቃችን መኩሪያ ቆቡን አወለቀ። «አባባ፣ ትዕዛዝ አልደረሰንም።»

«ሬዲዮኑ ተናግሯል እኮ። እናንተ ከሬዲዮን ትበልጣላችሁ?»

መኩሪያ መዝጊያውን ራሱ ነቅሎ አሸከማቸው። በማግስቱ ሌሎቹም መዝጊያቸውን ሊወስዱ መጡ። የእኔም ልጅ፣ ደሳለኝ፣ ገና ለጦር ያልደረሰ፣ በክፍት ቤት ነው የሚያድረው። ሰይድን ቀና ብዬ ሳላየው፣

«ልውሰደው?» አልሁት።

«ውሰጅው እንጂ። እኔም ሰሞኑን ወደ መርፌዬ ነኝ።»

አፈሩን አብሮኝ ጠረገ። ጀርባዬ ላይ ያደረገልኝም እሱ ነው።

መዝጊያውን ገጥሜ ቤቴ አደርሁ። ጎህ ሲቀድ ዳገቱን እየወጣሁ ሳለሁ ከማዶ ሞርታር ተኮሱ። ሦስቱ ሜዳ ላይ ወደቀ። አራተኛው ምሽጉ ውስጥ ገባ። ከዚያ ዝም አለ። ለምን እንደተኮሱ ዛሬም አላውቅም። ስደርስ መኩሪያ በክርኑ ይድሃል።

«ሰይድን እይው» አለኝ።

አየሁት።

ከአስራ አንዳችን አራት ሞቱ። ሰይድ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ አንድ ዲያቆን። መኩሪያ እግሩን አጣ። ከቀብር መልስ አባ ተገኝ ማንም ሳይጠይቃቸው መዝጊያቸውን በጀርባቸው ይዘው ኮረብታውን ወጡ። እኔ የእኔን አልመለስሁም። ለልጄ ፈራሁ። ፋሲካም አለፈ፤ ጦራችን ከዚያው ነበር።

መዝጊያው ዛሬም ቤቴ ላይ ነው። ዝናብ ሲመታው እንቅልፍ የለኝም።

አሁን ደሳለኝ ራሱ ወታደር ሆኖ በሰው አገር ኮረብታ ላይ ነው። በቀደም ደወለ።

«እማ፣ ሬዲዮ ሰማሽ? ለመስቀል እንወጣለን አሉ።»

«አለቃህስ ምን አለ?»

«እሱ ምንም አላለ።»

«የምሽጋችሁ ጣራ ምንድን ነው?»

ሳቀ። «የሰው መዝጊያ ነዋ። አንዲት ሴትዮ በየቀኑ እየመጣች ትለምነናለች፤ ልጆች አሏት። ነገ እንሰጣታለን።»

«አትስጧት።»

«እማ፣ አንች ነሽ ይህን የምትይ?» አለኝ።

«አትስጧት፣ ልጄ። ትዕዛዝ እስኪመጣ።»

ያችን ሴት አላውቃትም። ልጆቿን አቅፋ በክፍት ቤት እንደምታድር ግን አውቃለሁ። ስልኩን አስቀምጬ ተነሳሁና መዝጊያዬን ቀረቀርሁ።